ቧንቧው በኮርኒስ ይሂድ ወይስ በወለል?

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት። ኮምቦልቻ ያለው ቤታችሁ የድሮው የብረት ቧንቧ ዝጎ የኩሽናው ላቫንዲኖ ላይ ቀይ ውሃ ያመጣል። ባለሙያው አዲሱን መስመር በኮርኒስ ላሳልፈው ይላል፣ ባለቤትሽ ወለሉን ሰብረን እንቅበረው ይላል። አብሽሪ፣ እኔ ብሆን ሁለቱንም አላደርገውም።

የኮርኒሱን ነገር ደሴ በገዛ ቤቴ አይቼዋለሁ። ግድግዳ አይሰበር፣ ባንድ ቀን ያልቃል ተባለና እሺ አልኩ። ከሻወር ቤት ሽቅብ ወጣ፣ በኮርኒስ አለፈ፣ ኩሽና ላይ ወረደ። በፈረቃ ውሃ ሲመጣ ግፊት ስላለው ምንም አልነበረበትም። ከታንከር ስንጠቀም ግን ሻወሩ እየሰራ ኩሽናው ሁለቴ ያስልና ዝም ይላል። ታንከሩ ባለቀ ቁጥር አየር ይገባል፣ አየሩም ኮርኒስ ላይ ያለው ኤልቦ (ማጠፊያው) ውስጥ ይሰበሰባል። የታንከር ውሃ የሚሰጠው ግፊት በአንድ ሜትር ከፍታ 0.1 ባር ብቻ ነው። የእኔ ታንከር ከኮርኒሱ በላይ ሁለት ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ያንን አየር መግፋት አልቻለም። አንድ ቀን አፌን ቧንቧው ላይ ለጥፌ ስስብ ጎረቤቴ ገብታ አየችኝ። እስካሁን ቡና ላይ ታነሳዋለች።

የወለሉ ደግሞ ሲያፈስ አይታይም። የምታውቂው ሴራሚኩ ሲነሳ ወይ የውሃ ቢሉ ሲመጣ ነው።

በመጨረሻ ያደረግኩት ይህን ነው። ከሻወር ቤቱ ግድግዳውን በስቼ ዝቅ አድርጌ፣ ከወለል 50 ሴንቲ ላይ፣ በቁምሳጥኑ ጀርባ ወደ ላቫንዲኖው ወሰድኩት። ቁምሳጥን ውስጥ ያለውን አልቀበርኩትም፣ በክሊፕ ብቻ ነው የያዝኩት። ቢያፈስ በር ከፍቼ አየዋለሁ። የግድ ውጭ የሚያልፍ ካለሽ ሸፍኚው። ፒፒአር (በሙቀት የሚበየደው የፕላስቲክ ቧንቧ) ፀሐይ አይወድም፣ የኮምቦልቻን ፀሐይ ደግሞ ታውቂዋለሽ።

ስለ ውፍረቱ፣ 20 ሚሊ የሚባለው የውጭ ልኩ ነው። ወፍራሙን ዓይነት ከገዛሽ ውስጡ 13 ሚሊ ገደማ ነው። ከታንከር ስለምትጠቀሙ ቀዝቃዛውን እስከ ላቫንዲኖው ድረስ በ25 አምጪው። ሙቁን ግን በ20 ተዪው። አስር ሜትር የ20 ቧንቧ 1.4 ሊትር ያህል ይይዛል፣ የ25ቱ ከሁለት ሊትር ይበልጣል። ሙቅ ውሃ በከፈትሽ ቁጥር መጀመሪያ የምታፈሺው ያንን የቀዘቀዘውን ነው። ሙቁ በግራ፣ ቀዝቃዛው በቀኝ ይሁን።

አሁን ዋናው፣ ብየዳው። ማሽኑ 260 ዲግሪ ይደርሳል፣ 20ው ማሽኑ ላይ መቆየት ያለበት 5 ሰከንድ፣ 25ቱ 7 ሰከንድ ነው። ይጥበቅ ብሎ የሚያቆይ ባለሙያ ይበዛል። የእኔን አሮጌ መስመር ሳስነሳ አንዱን ኤልቦ በመጋዝ ቆረጥነው። ፕላስቲኩ ቀልጦ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳውን እስክሪብቶ እንኳ እንዳያሳልፍ አድርጎታል። ከውጭ ስታይው ግን እንከን የለውም። ስለዚህ ከጎኑ ቁሚና ቁጠሪ፣ ቢከፋውም ይክፋው። ሲያስገባም አያዙረው፣ ቀጥ አድርጎ ብቻ።

ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ የነሐስ ጥርስ ያለው ፊቲንግ ይግባ። ላቫንዲኖው ስር ለሙቁም ለቀዝቃዛውም መዝጊያ አድርጊ፣ የቧንቧ ራስ ለመቀየር ብለሽ ቤቱን በሙሉ እንዳትዘጊ።

ልስን ከመደረጉ በፊት ይፈተሽ። ፓምፕ ያለው ባለሙያ በ10 ባር ይሞክርልሻል። ከሌለው በፈረቃችሁ ቀን የቧንቧ ራሶቹን ሁሉ ዝጊና ውሃው እንዳለበት ሌሊቱን አሳድሪው፣ ጠዋት መገጣጠሚያውን በሶፍት ዳብሺው። ከዚያ ሜትር ግድግዳው ላይ ዘርግተሽ ፎቶ አንሺ። ወንድሜ የስኒ መደርደሪያ ሊሰቅልልኝ ብሎ የመጀመሪያውን ሚስማር በቀጥታ ቧንቧው ላይ መትቶታል። ፎቶ አልነበረንም።

ቆጣሪው በየት በኩል እንደሆነና ታንከሩ ስንት ሜትር ላይ እንደቆመ ጻፊልኝ። ሻወር ቤቱና ኩሽናው አንድ ግድግዳ ከሆኑ ስራው የግማሽ ቀን ነው።