ሥራሽን ከመልቀቅሽ በፊት እጆቹን ሣዪ

ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤሽንና የሥዕልሽን ፎቶግራፍ በጥሞና ተመልክቻለሁ። በሒሳብ ሠራተኛነት አራት ዓመት እንደሠራሽ፣ ማታ ማታ በዘይት ቀለም እንደምትሥዪ ጽፈሻል። ወንበር ላይ እንቅልፍ የጣላቸውን አክስትሽን ሥለሽ ለአንድ ሠዓሊ ብታሳዪው «ይህ የቫን ጎኽ ዘመን አሣሣል ነው፤ ጊዜው አልፎበታል» ብሎሻል። አንቺም ሁለት ነገር ጠየቅሽኝ፦ አሣሣሌን ልቀይር? ሥራዬንስ ልልቀቅ?

ስለ ዘመኑ አትጨነቂ። የቫን ጎኽ ዘመን አሣሣል ዛሬ የሚጠራበትን «ድኅረ ኢምፕሬሽኒዝም» የሚለውን ስም ያወጣው እንግሊዛዊው የሥዕል ሐያሲ ሮጀር ፍራይ ነው፤ በ1910 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ለንደን ውስጥ ላዘጋጀው ዐውደ ርእይ መጠሪያ ሲፈልግ። በዚህ ስም የሚጠሩት ሠዓሊዎች ቫን ጎኽ፣ ጎጋን፣ ሰራና ሴዛን ያን ጊዜ አንዳቸውም በሕይወት አልነበሩም። ስሙን ሳይሰሙት ነው የሞቱት። ሰራ በጥቃቅን ነጥቦች ይሥል ነበር፤ ሴዛን አንድን ቅርጽ ከትንንሽ የቀለም ገጾች ይገነባ ነበር። አንዱ የሌላውን ችግር አልፈታም። ስለዚህ እኔ የምጠይቅሽ ዘይቤሽ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ሳይሆን የአንቺ ችግር የትኛው እንደሆነ ነው።

ከሥዕልሽ ፊታቸውን ወድጄዋለሁ። ቀዩ ግድግዳ በጉንጫቸው ላይ ያረፈውን ጥላ ወደ አረንጓዴ ገፍቶታል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሼቭረል በ1839 ያስረዳው ይህንኑ ነው፦ ጎን ለጎን የቆሙ ቀለሞች አንዱ የሌላውን መልክ ይለውጣሉ። አንቺ ግን ከመጽሐፍ አልወሰድሽውም፤ አይተሽዋል። መጋረጃው ላይ የሚሽከረከሩት የብሩሽ መስመሮች ደግሞ በዓይንሽ ያየሻቸው ሳይሆኑ ከሌላ ሰው ሸራ ያስታወስሻቸው ናቸው። እጆቹን በወፍራም ቀለም ቀብረሻቸዋል። በሙያሽ ልንገርሽ፦ አልታረቅ ያለ ቁጥር «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚለው ርእስ ሥር ሲወሸቅ አይተሽ ታውቂ ይሆናል። የአክስትሽም ጣቶች የተወሸቁት እንደዚያው ነው። ቫን ጎኽ «ድንች በላተኞች»ን በ1885 ከመሣሉ በፊት በአንድ ክረምት ውስጥ 40 ገደማ የገበሬዎችን ፊት ሥሎ ነበር። እንዲያ የሚወራጭ ብሩሽ የሚያምረው ከሥሩ የሚሸከመው ንድፍ ሲኖር ነው።

ወደ ሥራሽ ልምጣ። ስለነዚህ ሰዎች ብሩሽ ብዙ ይጻፋል፤ የቤት ኪራያቸውን ማን እንደከፈለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ለቫን ጎኽ ወንድሙ ቴዎ ገንዘብ ይልክለት ነበር። የሴዛን አባት የባንክ ባለቤት ነበሩ። ጎጋን የአክሲዮን ደላላ ሆኖ ሲሠራ በ1882 ገበያው ወደቀ፤ እርሱ ወደ ሥዕል ዞረ፣ ባለቤቱም ልጆቻቸውን ይዛ ኮፐንሃገን ቤተሰቧ ዘንድ ገባች። እኔ የምወደው አንሪ ሩሶን ነው። በፓሪስ የቀረጥ ሠራተኛ ሆኖ ከ1886 ጀምሮ ሥዕሎቹን ለሕዝብ እያሳየ ሰባት ዓመት ያህል ቆየ፤ ሥራውን የተወው በ1893 ነው። ቴዎ ከሌለሽ ሥራሽን አትልቀቂ። ደመወዝሽ ቴዎሽ ነው። ይልቁንም የሥራ ሰዓትሽን መቀነስ የሚቻል እንደሆነ አለቃሽን ጠይቂ፤ ሳምንት በገባ ቁጥር አንድ ሙሉ ቀን በቀን ብርሃን መሣል ከአምስት የደከሙ ሌሊቶች ይበልጣል። በአምፖል ብርሃን የተመረጠ ቀለም ጠዋት ላይ ምን እንደሚመስል መቼም ታውቂዋለሽ።

በአንድ ሥዕል ጋለሪ አይገባም። የጋለሪ ሰው ማየት የሚፈልገው በአንድ ሐሳብ የተያያዙ 12 ወይም 15 ሥራዎችን ነው፤ በሚቀጥለው ዓመትም እንደምትሥዪ እርግጠኛ መሆን ይፈልጋልና። የተኙ ሰዎችን ብትከታተዪ ጥሩ መነሻ ይመስለኛል፤ ተኝቶ የሚቆይ ሞዴል ክፍያም አይጠይቅም። ብዙ ጋለሪዎች ከሽያጩ እስከ ግማሽ እንደሚወስዱ አውቀሽ ዋጋ አውጪ፤ ይህን ስሌት ከማንኛውም ሠዓሊ በተሻለ ትሠሪዋለሽ።

የቀለም ቱቦዎችሽንም መርምሪ፤ ብርሃን የመቋቋም ደረጃቸው ብዙ ጊዜ እላያቸው ላይ ተጽፏል። ቫን ጎኽ የመኝታ ክፍሉን ግድግዳ ፈዛዛ ሐምራዊ ብሎ በደብዳቤው ገልጾት ነበር፤ በሐምራዊው ውስጥ የነበረው ቀይ ደብዝዞ ዛሬ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ቫርኒሽ ለመቀባትም አትቸኩዪ፤ እንዳንቺ ያለ ወፍራም ቀለም ውስጡ እስኪደርቅ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጅበታል።

የአክስትሽን ሥዕል ለጊዜው አትሽጪው፣ አታስተካክዪውም። ግድግዳ ላይ ስቀዪውና በከሰል 20 እጆች ሣዪ፦ የተኙ፣ የታጠፉ፣ ጽዋ የያዙ፣ ምንም ያልያዙ። በሚቀጥለው ደብዳቤሽ የምትልኪልኝ እነርሱን ይሁን፤ ያልተሳኩትንም ጨምሪ።