ብቻዬን፣ በጀርባ ቦርሳ፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁሌ አነባለሁ። ዕድሜዬ 27 ነው፣ የምኖረው አዳማ ነው፣ በሒሳብ ሠራተኝነት አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከደሞዜ እየቆጠብኩ ትንሽ ገንዘብ ይዣለሁ። ሕልሜ ለአንድ ዓመት ሥራ አቁሜ፣ የጀርባ ቦርሳዬን አንግቤ፣ ብቻዬን ዓለምን መዞር ነው። ጓደኞቼ «በኢትዮጵያ ፓስፖርት? አርፈሽ ተቀመጪ» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ገና ስነግራት እንባዋ መጣ። «ሴት ልጅ ብቻዋን በሰው አገር ስትንከራተት ሰው ምን ይለኛል» አለች። የማይሆን ነገር ነው እንዴ የተመኘሁት? ከየትስ ልጀምር?
መንገድ የናፈቃት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ የማይሆን ነገር አልተመኘሽም። እኔም በአንቺ ዕድሜ ይሄው ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር፣ ስለዚህ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

ጓደኞችሽ ስለ ፓስፖርቱ የሚሉት ግማሹ ልክ ነው። አንድ የጀርመን ወይም የጃፓን ልጅ ካርታ ይዘረጋል፣ ጣቱ ያረፈበት ይሄዳል። እኛ ከካርታው በፊት የቪዛ ዝርዝር ነው የምናየው። ያናድዳል፣ እኔን እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ግን ሰው በዚሁ ፓስፖርት ይሄዳል፣ የጉዞው ቅርጽ ነው የሚለየው።

ዓለምን እንደ ቀለበት በአንድ ጊዜ ዞሮ መምጣት የሚባለውን እርሺው። እንደ አደይ አበባ አስቢው። መሃሉ አዲስ አበባ ነው። በአንዷ ቅጠል ወጥተሽ ትመለሻለሽ፣ እናትሽ ቤት ታርፊያለሽ፣ የሚቀጥለውን ቪዛ ትጠይቂያለሽ፣ ከዚያ በሌላዋ ትወጫለሽ። ምክንያቱም ብዙ ኤምባሲ ማመልከቻ የሚቀበለው ከምትኖሪበት አገር ነው። የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ለብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው፣ በሕጉ የሚጠየቀው በሕጋዊነት በምትኖሪበት አገር ካለው ቆንስላ ነው። ባንኮክ ተቀምጠሽ ለፈረንሳይ ላመልክት ብትይ «አገርሽ ገብተሽ አመልክቺ» ነው የምትባይው። ከቦሌ ደግሞ ብዙ መስመር ስለሚነሳ መመለሱ የሚያስፈራውን ያህል ገንዘብ አያባክንም።

የመጀመሪያዋ ቅጠል ኬንያ ትሁን። ቪዛ አያስፈልግሽም፣ በመኪናም ይደረሳል፦ ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ፣ ከዚያ ማርሳቢት፣ ኢሲዮሎ፣ ናይሮቢ። የመንገዱን ሰላም ከመነሳትሽ በፊት በዚያው ሳምንት ከተመላለሱ ሾፌሮች ጠይቂ፣ ደስ የማይል ነገር ከሰማሽ ያለ ክርክር በአውሮፕላን ሂጂ። ሞያሌን ስትሻገሪ መኪና በግራ በኩል መሄድ ይጀምራል። ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን መንገድ ስታቋርጪ ዓይንሽ በልማድ ወደ ግራ ያያል፣ መኪናው የሚመጣው በቀኝሽ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ሰው ተከትለሽ ተሻገሪ።

ኬንያ ላይ ደስ የሚልሽ ደግሞ ሰዓቱ ነው። የስዋሂሊ ሰዓት እንደኛው ከንጋት ነው የሚቆጠረው። እኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት የምንለውን እነሱም «ሳ ምቢሊ» ይሉታል፣ ያው ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ትኬት ላይ ግን 8:00 ተብሎ ነው የሚታተመው፣ ስለዚህ የአውቶቡስ ሰዓት በአፍ ሲነግሩሽ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቂ። እንጀራ ሲያምርሽ ናይሮቢ ውስጥ ኢስሊ የሚባለው ሰፈር አለልሽ። ሲም ካርድ በፓስፖርትሽ አውጪና ኤም-ፔሳ ክፈቺ። እዚያ ከማታቱ (የነሱ ሚኒባስ ታክሲ) ጀምሮ እስከ ሻይ ቤት በስልክ ነው የሚከፈለው፣ ብዙ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ከመዞር ያድንሻል።

ከኬንያ ወደ ሩዋንዳ እለፊ። ለአፍሪካ ኅብረት አባል አገሮች ዜጎች 30 ቀን ያለ ክፍያ ያስገባሉ። መሃል ላይ ያለችው ዩጋንዳ ምን እንደምትጠይቅ ግን ናይሮቢ ሳትደርሺ አጣሪ። አንድ ነገር አስታውሺ፣ ሩዋንዳ ፌስታል ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው። ልብስሽን በፌስታል ከፋፍለሽ ከያዝሽ ድንበር ላይ ፌስታሉን ያስጥሉሻል፣ የጨርቅ ከረጢት ያዢ። ኪጋሊ ላይ አንዲት ሴት ምሽት ላይ ብቻዋን ስትሄድ ትከሻዋ ዘና ይላል። ብቸኛ ጉዞ ለመለማመድ ከዚያ የተሻለ ከተማ አላውቅም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ለአፍሪካውያን ቪዛ የማትጠይቀው ቤኒን አለች፣ ሲሸልስም አለች፣ ሲሸልስ ከበረራ በፊት በኢንተርኔት የመግቢያ ፈቃድ ማውጣት ብቻ ነው።

ሁለተኛዋ ቅጠል ታይላንድ ልትሆን ትችላለች። ባንኮክ አየር ማረፊያ ሲደርሱ ቪዛ ከሚሰጣቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ አለችበት። ቆይታው 15 ቀን ነው፣ ክፍያው 2,000 ባት፣ የመመለሻ ትኬትና 10,000 ባት የሚያህል ጥሬ ገንዘብ ማሳየት አለብሽ። ታይላንድ የቪዛ ደንቧን ቶሎ ቶሎ ስለምትነካካ ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ኤምባሲያቸውን ጠይቂ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የምነግርሽ ነገር አለ። ባንኮክ ላይም ሆነ ከመነሳትሽ በፊት በቴሌግራም «ጥሩ ደሞዝ ያለው የኮምፒውተር ሥራ አለ፣ ትኬቱን እኛ እንችላለን» የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽ፣ የአገርሽ ልጅም ቢሆን፣ የጓደኛሽ ወንድምም ቢሆን፣ አትከተይው። በዚያ መንገድ በታይላንድ በኩል እየተወሰዱ ማያንማር ድንበር ላይ ማያዋዲ አካባቢ በኦንላይን ማጭበርበሪያ ግቢዎች የታገቱ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በብዛት ከተለቀቁት ሰዎች መካከል የኛ ልጆች በመቶዎች ይቆጠሩ ነበር። ለማስያዣም ለሌላም ተብሎ ፓስፖርትሽ ከእጅሽ አይውጣ።

አውሮፓን ለመጨረሻ አቆዪው። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. በኛ ላይ ደንቡን አጥብቋል። ለሌላው 15 ቀን የሆነው ማመልከቻው ታይቶ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ለኢትዮጵያውያን 45 ቀን ሆኗል፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቆሟል። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ሄደሽ የተመለስሽባቸው ማኅተሞች ፓስፖርትሽ ላይ መኖራቸው ይጠቅምሻል። ማመልከቻሽን የሚያየው ሰው ማወቅ የሚፈልገው ትመለሻለሽ ወይስ አትመለሺም የሚለውን ነው፣ ኬንያና ታይላንድ ሄዶ በጊዜው የተመለሰ ሰው ደግሞ መልሱን በእጁ ይዞ ይቀርባል።

አሁን የደረሰብኝን ልንገርሽ። አንድ ጊዜ በአንድ የአውሮፓ ከተማ በኩል የሚያልፍ ርካሽ ትኬት አገኘሁ። ከአየር ማረፊያው አልወጣም፣ አውሮፕላን ብቻ ነው የምቀይረው ብዬ ምንም አላሰብኩም። ሻንጣዬን ለመስጠት ስቆም «የትራንዚት ቪዛሽስ?» ተባልኩ። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት በሸንገን አገሮች አየር ማረፊያ ውስጥ ለማለፍ ብቻ እንኳ ቪዛ ያስፈልጋል፣ እኔ አላወቅኩም፣ ትኬቱን የሸጠልኝም አልነገረኝም። ገንዘቤ ቀለጠ። ሸኚዎቼ ገና ከበሩ አልራቁም ነበርና አብሬያቸው በታክሲ ቤት ተመለስኩ። ትኬት ስትገዢ የምትሄጂበትን አገር ብቻ ሳይሆን የምታርፊበትን ሁሉ አጣሪ።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም አይረሳ። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ተርታ ስለምትመደብ ታይላንድን ጨምሮ ብዙ አገሮች ከኛ ካርዱን ይጠይቃሉ። ካርዱ የሚጸናው ከተከተብሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው፣ ከዚያ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ስምሽ በፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መጻፉን እዚያው ቆመሽ እይ። አንድ ፊደል ብታንስ የምትሟገቺው በሌሊት፣ ደክሞሽ፣ በሰው አገር ነው።

ገንዘብን በተመለከተ ባንክ ፓስፖርትና ትኬት፣ ካስፈለገም ቪዛ አይቶ የውጭ ምንዛሪ ይሸጥልሻል፣ ደረሰኙን ያዢ። መጠኑን ባንክሽ ይነግርሻል። ገንዘቡን ሦስት ቦታ ክፈዪው። ቦሌ ላይ ደግሞ ብቻዋን የምትወጣ ወጣት ሴት «ወዴት ነሽ? ማን ይቀበልሻል?» ብትባል አይክፋት፣ ለሥራ እየተባሉ የሚታለሉ ብዙ እህቶች አሉን። የመኝታ ማስያዣሽንና የመመለሻ ትኬትሽን በወረቀት አትመሽ ያዢ።

ስለ እናትሽ። እሳቸው የሚፈሩት ሁለት ነገር ነው፣ እንዳትጎጂባቸውና ሰው እንዳያማሽ። ለሁለተኛው እኔ የምላቸው አለኝ፦ እማማ፣ በዚህ አገር በእግሩ በረሃ አቋርጦ፣ ስንቁን በጀርባው ይዞ ኢየሩሳሌም የተሳለመ ሰው ይከበር ነበር እንጂ አይታማም ነበር። ለመጀመሪያው ግን ወሬ አይበቃም። የፓስፖርትሽን ቅጂ ስጫቸው። የምታድሪበትን ስም ከነስልኩ ጻፊላቸው። የምትደውይበትን ቀንና ሰዓት ቁረጪ፣ ስልክ የማይሠራበት መንገድ ላይ እንደምትሆኚም አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ካልሆነ ማርሳቢት በረሃ ላይ ኔትወርክ ስታጪ እሳቸው አዳማ ላይ እንቅልፍ ያጣሉ። የመጀመሪያዋን ጉዞ ደግሞ አጭር አድርጊያት፣ ሦስት ሳምንት። ደህና ገብተሽ ሲያዩሽ ሁለተኛውን ራሳቸው ናቸው የሚያሸክፉሽ።

ማንም የማይነግርሽን አንድ ነገር ልጨምር። ለኛ የሚከብደው ለብቻ መተኛት አይደለም፣ ለብቻ መብላት ነው። ከአንድ ትሪ ስንበላ ነው ያደግነው። የመጀመሪያ ሳምንቴ ላይ ምግብ ፊቴ ተቀምጦ አልወርድ ብሎኝ አውቃለሁ፣ «ብዪ እንጂ» የሚል ሰው የለም። መፍትሔውን ያገኘሁት ሽሮ ውስጥ ነው። ሆስቴሎች ብዙ ጊዜ የጋራ ማብሰያ አላቸው። ግማሽ ኪሎ ሽሮና ትንሽ በርበሬ ያዢ፣ አንድ ማታ ሠርተሽ አጠገብሽ ያለውን «ና ብላ» በይ። ሽታው ራሱ ሰው ይሰበስባል። በዚያች አንዲት ድስት የተዋወቅኳቸው ሰዎች እስከ ዛሬ ይደውሉልኛል። (አውስትራሊያን የመሰሉ አገሮች ግን ምግብ ይዞ በመግባት ላይ ጥብቅ ናቸው፣ ፎርሙ ላይ ሳትደብቂ ጻፊ።) በጾም ወቅት ደግሞ «ቪጋን» የምትለዋ ቃል በየአገሩ ትሠራለች።

ጥያቄ፦ የ31 ዓመት ወንድ ነኝ፣ ያደግኩት አሜሪካ ነው። ለስድስት ወር አፍሪካን ብቻዬን ልዞር ነው፣ የምጀምረው አያቴ ካሉበት ከአርባ ምንጭ ነው። እናቴ «ደምህ አበሻ ነው፣ ወባ አይነካህም» ትለኛለች። እውነት ነው?
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነት አይደለም፣ እባክህ በዚህ አትቀልድ። ወባን የመቋቋም አቅም ደጋግሞ ከመያዝ የሚመጣ ነው፣ ከአካባቢው ሲወጡም እየደከመ ይሄዳል። እናትህ ራሳቸው ዛሬ ቢመጡ እንደ ማንኛውም እንግዳ ይይዛቸዋል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሚጠብቃት ወባ የለባትም፣ ስለዚህ እዚያ ያደገ ሰው ሞምባሳ ሲሄድ እንዳንተው ነው። አርባ ምንጭ ግን የወባ አገር ነው። ከመነሳትህ በፊት ሐኪምህ የመከላከያ መድኃኒት ይዘዝልህ፣ አጎበርም አትናቅ። በተለይ አገራችን ውስጥ ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት አለ፣ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ የሚነሳ። አሜሪካ ተመልሰህ ትኩሳት ከያዘህ «ኢትዮጵያ ነበርኩ» ብለህ ለሐኪሙ ቶሎ ንገር፣ ካልነገርከው ጉንፋን ነው ብሎ ሊሸኝህ ይችላል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካለህ ለመግባት ቪዛ አያስፈልግህም፣ ከሌለህ አስቀድመህ ጨርስ።

ጥያቄ፦ ለረጅም ጉዞ ስንት ኪሎ ልያዝ? ቦርሳዬ አሁንም 15 ኪሎ ነው፣ ምኑን እንደምቀንስ ጠፋኝ።
ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሰባት ኪሎ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል በእጅ የሚያዘው እሱ ነው፣ በእጅሽ ያለ ቦርሳ ደግሞ አይጠፋም። 40 ሊትር የሚይዝ ቦርሳ ይበቃል። ሦስት ቅያሪ ልብስ፣ አንድ ሹራብ፣ መድኃኒት፣ ቻርጀር። ጂንሱን አውጪው፣ ከብዶ ከብዶ ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈጃል። ጋቢውንም ተዪው፣ ልብሽ ቢያዝንም። ነጠላሽን ግን ያዢ። አንሶላ ትሆናለች፣ ፎጣ ትሆናለች፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ስትገቢ ራስሽን ትሸፍናለች፣ የጋራ መኝታ ክፍል ውስጥ አልጋሽ ላይ መጋረጃ ትሆናለች፣ ክብደቷም የለም። ጫማ አንድ ብቻ፣ እግርሽ የለመደውን። አዲስ ከገዛሽ ግን ከመነሳትሽ አንድ ወር በፊት ቦርሳሽን ሞልተሽ፣ ጫማውን አድርገሽ በየጠዋቱ ጣና ዳር ተራመጂበት።