ጥያቄና መልስ፦ ልጅ ወታደር ቤት ሲገባ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ግማሽ ያህሉ የሚያወሩት ስለ አንድ ጉዳይ ነው። ልጅ ለውትድርና ተመዝግቦ መሠረታዊ ሥልጠና ሊገባ ነው፤ ወላጅ ግራ ገብቶታል። ስለ ፖለቲካው የጻፋችሁልኝ ሌላ ዓምድ ፈልጉ። እኔ የምመልሰው ቤት ውስጥ ያለውን ብቻ ነው።

አንዲት እናት ከቀበሌ 14፦ «በሶ ልቋጥርለት ወይስ ዳቦ ቆሎ?»

ሁለቱንም። ዳቦ ቆሎው በመጀመሪያው ማታ ለጓደኞቹ ታድሎ ያልቃል፤ አይዘኑ።

የዘጌው አባት ደግሞ ልጃቸው ሁርሶ ማሠልጠኛ ከገባ ጀምሮ ስልኩ ዝግ ሆኖባቸዋል። ሰው ሁሉ የየራሱን መርዶ ይነግራቸዋል። ቡናቸውን ቋጥረው ሊሄዱ ተነሥተዋል።

ወንድሜ፣ ይቀመጡ። ሁርሶ ድሬዳዋ አጠገብ ነው፤ ከጣና ዳር ተነሥተው አገሩን አቋርጠው በር ላይ ሊመለሱ ነው? ሠልጣኝ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ሲሮጥና ሲሰለፍ ይውላል፤ ማታ እንደ ግንድ ይወድቃል። ስልክ መከልከልም በወታደራዊ ሥልጠና የተለመደ ነው። ዝምታው መርዶ አይደለም። መጠየቅ ከፈለጉ የተመዘገበበትን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ቡናው ለምረቃው ቀን ይቆይ።

ከባሕር ዳር ግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ የጻፉልኝ አባት መምህር ናቸው። ልጃቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልሆነለትም፤ ሳያማክራቸው ሄዶ ተመዘገበ። እሳቸውም ማናገር ትተዋል። እናትየው የአንዱን መልእክት ለሌላው እያደረሰች በሳሎንና በጓዳ መካከል ትመላለሳለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው?» ይሉኛል፤ «አይደለም» እንድላቸው ፈልገው።

ጥፋቱ የእርስዎ ነው፤ ቢያንስ የዝምታው። መምህር ነዎትና በቁጥር እንነጋገር። በ2015 ዓ.ም. ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.2 ከመቶ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ። ከመቶ ልጆች ከዘጠና የሚበልጡት እንደ እርስዎ ልጅ አንገታቸውን ደፍተው ነው ወደ ቤት የገቡት። ይህን ያህል ሰው የወደቀበትን ፈተና የአንድ ልጅ ስንፍና አድርጎ መቁጠር ከመምህር አይጠበቅም።

ደግሞ ልብ አልኩ። ጎረቤት ምን እንደሚል አንድ ሙሉ ገጽ ጽፈዋል፤ ስለ ጥይት አንድ መስመር የለም። በጊዜያችን ልጁን ወደ ወታደር ቤት የሚሸኝ አባት የሚፈራው የጎረቤት አፍ ብቻ እንዳልሆነ እኔም አንባቢም እናውቃለን። ቁጣው የፍርሃት መሸፈኛ ይመስለኛል። ልጅዎ ግን ቁጣውን ብቻ ነው የሚያየው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ጠርተው አንድ ነገር ይጠይቁት፦ ፈተናው ቢሆንልህ ኖሮ ትመዘገብ ነበር? «አይ» ካለ፣ የሸሸው ውጤቱን ነው፤ ከመፈረሙ በፊት ስለ ሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት)፣ ስለ ቴክኒክና ሙያ፣ እንደገና ስለ መፈተን ለማውራት ጊዜ አለ። «አዎ» ካለ ደግሞ ክርክሩ እዚያው ያብቃ። የአገልግሎቱ ዘመን ስንት ዓመት እንደሆነ አብራችሁ ጠይቁ፣ የሚፈርመውን ወረቀት አብራችሁ አንብቡ። ከዚያ በኋላ «ተው» ማለት ልጁን አያስቀረውም፤ የወላጅ ምርቃት ሳይቀበል እንዲሄድ ብቻ ያደርገዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና በመጨረሻው ሳምንት ስለ ውጤቱ አያንሱበት። ጉልበትዎን ሊስም ሲያጎነብስ እግርዎን አይሰብስቡ። መናኸሪያ ድረስ ይሂዱ። ቃል ካጡ ሻንጣውን ይያዙለት፤ ይገባዋል።

ከጎርጎራ፦ አያቲቱ ልጁን ባዩት ቁጥር «አጎትህም እንዲህ ብሎ ነው የሄደው» እያሉ ያለቅሳሉ፤ እንዴት ዝም እናሰኛቸው?

ዝም አታሰኟቸው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወጣት ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ተባለ። በብዙ መንደር አዋጁ የሚታወሰው በአፈሳው ነው። እኒህ እናት ያለቀሱለት ልጅ አላቸው፤ እናንተ ደግሞ ጆሮ ደከማችሁ። የልጅ ልጁ ራሱ አጠገባቸው ተቀምጦ «አጎቴ ምን ይመስል ነበር?» ይበላቸው። ምናልባት እስከ ዛሬ የጠየቃቸው የለም።

አንዱ አጎት ደግሞ የ17 ዓመቱን የእኅቱን ልጅ መታወቂያ ላይ አንድ ዓመት ሊያስጨምርለት ነው። አይሆንም። መመልመያው ዕድሜ 18 ነው፤ ሐሰተኛ ሰነድም ወንጀል ነው። የቸኮለው ልጁ ነው ወይስ አጎቱ?

አሁን በጣም ወዳስቆጣኝ ደብዳቤ። እናትየው ልጇ አስም እንዳለበት በጤና ምርመራው ላይ እንዳይናገር መክራዋለች፤ «እንዳይጥሉት ብዬ ነው» ትላለች።

እኅቴ፣ ይህን ምክርሽን ዛሬውኑ አፍርሺው። ሩጫ፣ አቧራና የማለዳ ብርድ አስምን ይቀሰቅሳሉ፤ ሥልጠና ማለት ደግሞ እነዚሁ ናቸው። ደረቱ በተዘጋ ሰዓት አጠገቡ ያለው አለቃ ሰነፈ ብሎ «ተነሥ!» ይለዋል፤ አስም እንዳለበት አያውቅማ። በአፍ የሚሳበው መድኃኒትም ሻንጣ ሥር ተደብቋል። ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ውሰጂው፤ ለሐኪሙ የሚሄድበትን በግልጽ ንገሪው፤ የሐኪሙን ወረቀት ይዞ ለምርመራው ይቅረብ። ከጣሉት ይጣሉት። ሐኪም ሳታሳዪ ሌላ ጥያቄ እንዳትልኪልኝ።

አንዲት እናት ሴት ልጇ ከሄደች ወዲህ እንቅልፍ የላትም፤ የባሏ እኅቶች ደግሞ «ሴት ልጅ ወታደር ቤት ይላካል?» እያሉ ይነዘንዟታል። እኅቴ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው ሐኪም አማክሪ። ለባልሽ እኅቶች ግን ሐኪም የለም።

የመጨረሻው፦ «ፀጉሩን እዚህ ተላጭቶ ይሂድ?»

እዚያ በነፃ ነው።