ማሽን ያለው ቤት ወይስ ውሃ የማይጠፋበት ቤት?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለገናና ለጥምቀት ከባልሽና ከሁለት ልጆችሽ ጋር ለአምስት ሳምንት አዲስ አበባ ትገባላችሁ። ልጆቹ የሦስትና የሰባት ዓመት ናቸው። ሁለት ቤት አግኝታችኋል። አንዱ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሦስት መኝታ አለው፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን አለው፣ ዋጋውም ቀለል ይላል፣ ግን ሊፍትም ጀነሬተርም የለውም። ሌላው ገርጂ ነው። ሁለት መኝታ ብቻ ነው፣ ማሽን የለውም፣ ግን ሊፍት፣ ጀነሬተርና የህንፃው የራሱ የውሃ ታንከር አለው፣ ከእናትሽ ቤትም በእግር አስር ደቂቃ ነው። «ማሽን በሌለበት ከልጆች ጋር አምስት ሳምንት ይቻላል ወይ?» ብለሻል።

ይቻላል። እኔ ገርጂን ያዢ ነው የምልሽ። ለምን እንደምል ግን ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ማሽን ባለው ቤትም ማሽን በሌለው ቤትም ከልጆች ጋር ከርሜያለሁ፣ በሁለቱም ተቸግሬያለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ልብስ መጨነቅሽ ትክክል ነው። «ለእረፍት ሄደሽ ስለ እጥበት ታስቢያለሽ?» የሚልሽ ሰው ካለ አትስሚው። ከአሜሪካ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ስትሄጂ ለአንድ ሰው ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ለአራታችሁ ስምንት ሻንጣ ይሆናል። ብዙ ይመስላል፣ ግን ስምንቱ ውስጥ የማን ዕቃ እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። የአክስት ጫማ፣ የእናት ቫይታሚን፣ የአጎት ልጆች ልብስ፣ ደግሞ ልትሄጂ ሁለት ቀን ሲቀርሽ ሰው «ይቺን ብቻ አድርሺልኝ» ብሎ የሚያመጣው። ለእኛ የተረፈን ሁለት ሻንጣ ነበር። ይኼ ለአንድ ሰው የስድስት ቀን ልብስ ቢሆን ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ አያቱ ቤት ሲውል በቀን ሦስቴ ይቀየራል። ወጥ ይደፋበታል፣ ግቢው ውስጥ አፈር ላይ ይንከባለላል። በአራተኛው ቀን እጥበት ይጀመራል።

በ2011 ለጥምቀት ስንሄድ እኔም እንዳንቺ መጀመሪያ የጠየቅኩት ማሽን መኖሩን ነበር። አለ ተባልኩ። ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ማሽኑም እውነት ነበረ፤ ባለ ሰባት ኪሎ፣ ከፊት የሚከፈት፣ ኩሽና ውስጥ ከምድጃው ጎን የተቀመጠ። ያልጠየቅኩት ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ነው። ሰፈሩ በፈረቃ ነበር የሚያገኘው፣ የሚመጣውም ሌሊት ነው። አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ደግሞ ጉልበት የለውም፣ ጠብ ጠብ ይላል። እንደዚህ ያለ ማሽን ውሃ በቶሎ ካልገባለት ትንሽ ይጠብቅና የሆነ ቁጥር አብርቶ ቀጥ ይላል። እንደገና ታስነሺዋለሽ፣ እንደገና ይቆማል። በመጨረሻ የሳሙና ማስገቢያውን ስቤ ከጀሪካን በጆግ እየቀዳሁ በእሱ በኩል እሞላለት ጀመር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

የባሰው የከተራ ዋዜማ መጣ። ጥር 9 ማታ የልጆቹን ነጭ ልብስ አስገባሁ። መሀል ላይ መብራት ሄደ። በመስታወቱ በኩል በስልክ መብራት ሳይ ልብሱ ሳሙና ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ ከበሮው ውስጥ ውሃ ቆሟል፣ በሩን ብከፍተው ሁሉም ወለሉ ላይ ሊፈስ ነው። አንድ ሰዓት ጠበቅን፣ አልመጣም። ከታች በኩል ያለችውን ትንሽ ክዳን ፈታንና ውሃውን በትሪ እየተቀበልን ሳፋ ላይ ገለበጥን። ልብሱን አውጥተን ከጀሪካን በተቀዳ ውሃ ሦስቴ አለቀለቅነው። ባለቤቴ በአንድ ጫፍ እኔ በሌላው ይዘን ጠመዘዝነው። ጠዋትም መብራት የለም፣ ካውያ የለም። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል፤ የልጄ ቀሚስ ለበዓሉ ደረሰላት፣ ግን ወገቡ ጋ ገና እርጥብ ነበር። ቀኑን ሙሉ እንዳይበርዳት ስጨነቅ ታቦቱን በቅጡ ሳላይ ዋልኩ። ያንን እስካሁን አልረሳውም።

ከዚያ ወዲህ ማሽንን ብቻውን ምቾት ብዬ አልቆጥረውም። ውሃ፣ የውሃ ግፊትና መብራት ከሌሉ መኖሩም አለመኖሩም አንድ ነው። «ማሽኑ ውሃ ይጨርሳል» ለሚሉሽ ግን አትስጊ። ከፊት የሚከፈተው በአንድ እጥበት በግምት 50 ሊትር ነው የሚወስደው፣ ከላይ የሚከፈተው ግን ከመቶ ሊያልፍ ይችላል። አራት ሰው በቀን አንድ አንድ ባልዲ ቢታጠብ ራሱ 80 ሊትር ነው። ውሃ የሚጨርሰው ሻወሩና ሽንት ቤቱ ነው። ስለዚህ የምትጠይቂው ሮቶ መኖሩን ብቻ አይደለም፤ ስንት ሊትር ነው፣ ለስንት ቤት ነው፣ ፓምፕ አለው ወይ ብለሽ ነው። የሺህ ሊትር ሮቶ ለአንድ ቤትና ለስድስት ቤት አንድ አይደለም።

አሁን የሌላኛውን በኩል ልንገርሽ። በ2014 ክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ እንደገና ሄድን። ካለፈው ተምሬ ጀነሬተርና ትልቅ ታንከር ያለው ቤት ያዝኩ። ማሽን አልነበረውም። አንዲት እህት በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች ታጥብልን ነበር። እጥበቱ ምንም አላስቸገረንም። ያስቸገረን መድረቁ ነው። በሐምሌ ጠዋት ፀሐይ ትወጣና ታሰጫለሽ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ እየሮጥሽ ታነሺያለሽ። ጂንስ ሦስት ቀን ይፈጃል። በእጅ የተጨመቀ አንሶላ ውሃው እየተንጠባጠበ ነው የሚሰጣው። ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ስንዘረጋው እርጥበት እርጥበት መሽተት ጀመረ፣ ትንሹ ልጄም ያኔ አልጋ ያረጥብ ነበር። ማሽን ዋናው ጥቅሙ ማጠቡ ሳይሆን መጭመቁ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። በክረምት ብትሄጂ ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር፤ ማሽን ፈልጊ፣ ሌላውን ቀንሺ እልሽ ነበር።

አንቺ ግን የምትሄጂው በታኅሣሥና በጥር ነው። የአዲስ አበባን የጥር ፀሐይ ታውቂዋለሽ። ጠዋት ሦስት ሰዓት የተሰጣ ልብስ ከሰዓት በፊት ክው ብሎ ይደርቃል። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ማንሳት ብቻ ነው፣ ማታ ብርዱ ሲመጣ መልሶ ይርሳል። ስለዚህ በዚህ ወቅት ትልቁ ነገር ማስጫው ነው። ገርጂ ያለው ህንፃ ጣሪያው ላይ ማስጫ እንዳለው ጠይቂ። በረንዳ ብቻ ከሆነ ፀሐይ በየት በኩል እንደሚገባለት ጠይቂ። የኩሽና በረንዳ ከሆነ ቁሌቱ ሁሉ ልብሱ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የሽንኩርት ሽታ ይዞ ይገባል። ከጎኑ ግንባታ ካለ ደግሞ አቧራው ነጭ ልብስ አያስለብስም፤ አሁን በየሰፈሩ የሚፈርስና የሚሠራ ስላለ ይኼን አትዝለዪው።

አንሶላና ፎጣውንም አስቢ። የአምስት ሳምንት እጥበት ከባዱ እሱ ነው፣ የልጆች ልብስ አይደለም። አልጋው ስንት ቅያሪ አንሶላ እንዳለው፣ አከራዩ በሳምንት ይቀይር እንደሆነ ጠይቂ። የሚቀይር ከሆነ ግማሹ ሥራ ከላይሽ ወረደ። እንግዳም ያድራል እኮ። ከክፍለ ሀገር የመጣ ዘመድ ሆቴል አይሄድም፣ እናንተ ጋ ነው የሚያድረው።

ማን ያጥባል ለሚለው፣ ለእናትሽ ንገሪያትና የሰፈሩን የምታውቃት ተመላላሽ ትፈልግልሽ። ክፍያውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ከሰፈሩ ዋጋ ከፍ አድርጊላት። ያቺ የ2014ቷ እህት የመጀመሪያ ቀን በባዶ እጇ በረኪና ስትነካ አየኋት። ጣቶቿ መጋጠሚያቸው ላይ ተሰነጣጥቀው ነበር። በጠዋት የጣሪያ ላይ ውሃ ደግሞ በረዶ ማለት ነው። ጓንት ገዛሁላት፣ ከቦይለሩ ሙቅ ውሃ እየቀላቀልን እንድታጥብ አደረግን፣ ምሳ አብረን በላን። ጂንስና ብርድ ልብስ በእጅ አታሳጥቢ፣ ለላውንደሪ ስጪው። ላውንደሪ ቤት የሚያስከፍለው በፍሬ ስለሆነ ለሁሉም ልብስ አያዋጣም፣ ለከባዱ ግን ጥሩ ነው። ስታስረክቢ ቆጥረሽ በወረቀት ያዢ። ለበዓል የምትፈልጊውን ደግሞ ቢያንስ ከአምስት ቀን በፊት ስጪ፣ በዋዜማው ወረፋ ነው።

የሐበሻ ልብስ ማሽን ባለው ቤትም ቢሆን ማሽን ውስጥ አታስገቢ። ያንዱን ነጠላ ጥለት በሙቅ ውሃ አበላሽቼዋለሁ፣ ቀዩ ነጩ ላይ ወጣ፣ እናቴ ያሸመነችልኝ ነበር። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በጥቂት ሳሙና፣ ለብቻው፣ ቶሎ ቶሎ አለቅልቆ ጥላ ውስጥ ማስጣት ነው። ከአሜሪካ ካውያም ሆነ የልብስ እንፋሎት ማሽን አትያዢ። የእኛ አገር 220 ቮልት ነው፣ የዚያው 120፤ ለሁለቱም ተብሎ ካልተሠራ ሰክተሽው ወዲያው ይቃጠላል። ሰሚት ያለውን ቤት ከወሰድሽ ደግሞ ምጣድና ማጠቢያ ማሽን አንድ ላይ እንዳታበሪ፣ ብሬከሩ ይወርዳል።

ወደ ዋናው ልመለስ። ሰሚት ማሽንና አንድ ትርፍ መኝታ ይሰጥሻል። ገርጂ ውሃ፣ መብራት፣ ሊፍትና እናትሽን። ማሽኑን በሳምንት ሁለት ቀን በሰው ታካክሺዋለሽ። ውሃ ስትወጪም ስትገቢም ያስፈልግሻል። አራት ፎቅ ደረጃ የተኛ ልጅ ታቅፈሽ፣ አስቤዛ ይዘሽ፣ ጀሪካን ተሸክመሽ በቀን ስንቴ እንደምትወጪው አስቢው። ሌላም አለ። በ2011 እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ያን ሁሉ ደረጃ መውጣት አልቻለችም። በአንድ ወር ውስጥ አንዴ ብቻ መጣች፣ እሱንም ወንድሜ ደግፏት፣ በየፎቁ ቁጭ እያለች። ከላይ ስትደርስ ለረጅም ጊዜ ቃል አልወጣትም። እኔ ማሽን አለው ብዬ የያዝኩት ቤት ውስጥ እናቴ አንድ ቡና ብቻ ጠጣች። በ2014 ሊፍት ነበረ፤ በየጠዋቱ ትመጣለች፣ ልጆቹ በር ላይ ይጠብቋታል፣ ልብሱን ቁጭ ብላ ታጥፍልኛለች፣ እያጠፈችም የማላውቀውን የልጅነቷን ታሪክ ታወራኛለች።

ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ግን በደላላው ቃል አትሂጂ። አከራዩን በቪዲዮ ደውዪለት። ቧንቧውን ከፍቶ ያሳይሽ፣ ሻወሩንም፣ ቀን ላይ ሰው ሁሉ ውሃ በሚጠቀምበት ሰዓት። ታንከሩን ያሳይሽ። ጀነሬተሩ ቤቱን በሙሉ ነው የሚያነሳው ወይስ ሊፍቱንና ኮሪደሩን ብቻ? ይኼን አስረግጠሽ ጠይቂ፣ ብዙ ቦታ ቦይለሩን አያነሳም። ናፍጣውን ማን ይከፍላል? ጣሪያው ላይ ያለው ማስጫ ለተከራይ ይፈቀዳል ወይስ ተቆልፏል? ልብስ የሚዘፈዘፍበት ቦታ፣ ሰፊ ሳፋ፣ የውሃ መውረጃ አለ ወይ? መታጠቢያ ቤቱ ጠባብ ከሆነ አጣቢዋ የት ትቀመጣለች? በአምስት ደቂቃ ይመለሳል። ሁሉንም ከመለሰና ውሃው ጥሩ ከወረደ ገርጂን ያዢ። «ውሃ አይጠፋም» ብሎ በቃል ብቻ ካለፈሽና ቧንቧውን ማሳየት ካልፈለገ ግን ሦስተኛ ቤት ፈልጊ፣ ገና ጊዜ አለሽ።

የልብስ መቆንጠጫና አንድ ጥቅል ገመድ ከዚያው ይዘሽ ሂጂ፣ ኪሎው ምንም አይደለም። ያከራዩሽን መልስ እዚህ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።