የምታገኙትን ማን ነው ያቆየላችሁ?

ውድ ወጣቶች፣

በቤተ መጻሕፍት ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። የጀመርኩት በካርድ ካታሎግ፣ የትኛው መጽሐፍ የት እንዳለ በሚያሳዩ ካርዶች ነው፤ ዛሬ ውሎዬ ከሰርቨርና ከዳታቤዝ ጋር ነው። «ሁሉ ነገር ስልካችን ላይ እያለ የምርምር ቤተ መጻሕፍት ምን ያደርጋል?» ትሉኛላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አንድ ታሪክ ላጫውታችሁና ከዚያ እንነጋገር።

በ1086 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ ንጉሥ የግዛቱን መሬትና ሀብት አስቆጥሮ በብራና አጻፈ። መዝገቡ ዱምዝዴይ ይባላል። 900 ዓመት ሲሞላው፣ በ1986፣ ቢቢሲ የዘመኑን መዝገብ አዘጋጀ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተሳተፈ፤ ብዙዎቹ የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። ስለ አካባቢያቸው ጻፉ፣ ፎቶ አነሱ። ሁሉም በሌዘር ዲስክ ተቀመጠ። አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲያልፍ ዲስኩን የሚያነበው ማሽን ብርቅ ሆነ። መረጃውን ለማዳን ተመራማሪዎች ያንን ያረጀ ኮምፒውተር በሶፍትዌር አስመስለው መሥራት ግድ ሆነባቸው። ብራናው ግን ዛሬም ይነበባል።

ዲጂታል ለስንቱ በር እንደከፈተ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት የእጅ ጽሑፍ ለማየት ባሕር ማቋረጥ የነበረበት ተማሪ ዛሬ ከአልጋው ሳይወርድ ያነባታል። በዚህ ደስ ይለኛል። ግን ማግኘት ሌላ፣ ማቆየት ሌላ። ብራና ደረቅ ቦታ ካገኘ፣ መቶ ዓመት ማንም ዞር ብሎ ባያየው እንኳ ይቆያል። ፋይል እንዲህ ከተረሳ አለቀለት። ዲስኩ ይበላሻል፣ ፎርማቱ ያረጃል፣ ለሰርቨሩ የሚከፍለው ድርጅት ይዘጋል። ስለዚህ በየጊዜው ወደ አዲስ ቦታ የሚገለብጠው ሰው ይፈልጋል። አንዲት ፊደል እንኳ አለመለወጧን የሚፈትሽ ሰው ይፈልጋል። ፒው የተባለው የምርምር ማዕከል በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ2013 ከነበሩ ድረ ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ ሊከፈቱ አልቻሉም። በጥናታችሁ ግርጌ የምታስቀምጡት ሊንክ ዕጣው ይኸው ነው። ሊንኩን ስትጠቅሱ ድረ ገጾችን ቀድቶ በሚያቆየው በኢንተርኔት አርካይቭ ቅጂ አስቀሩለት፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅባችሁም።

እኔም የተማርኩት ከጥፋት ነው። ወጣት ሳለሁ እሠራበት የነበረ ቤተ መጻሕፍት የቆዩ ጋዜጦቹን በማይክሮፊልም፣ ገጹን አሳንሶ በሚይዝ የፎቶ ፊልም፣ አስነሣ። ከዚያ ቦታ ለማትረፍ ተብሎ ወረቀቱ ተወገደ። ጥራዞቹን ተሸክመው ካወጡት አንዱ እኔ ነበርኩ። ከዓመታት በኋላ አንድ አጥኚ የአንድ ወር ጋዜጣ ፈልጎ መጣ። ፊልሙን ስንከፍተው ገጾቹ ደብዝዘዋል፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ አልተነሡም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። የሰውየው ፊት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ስካን ተደርጓል ስትባሉ መጀመሪያ ስካኑን እያንዳንዱን ገጽ እዩት። ከዚያም በኋላ ወረቀቱን ለመጣል አትቸኩሉ።

አንድ ቅጂ ብቻ ካላችሁ ምንም እንደሌላችሁ ቁጠሩት። በ1999 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ሎክስ የሚባል ሥርዓት የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ብዙ ቤተ መጻሕፍት የአንድን ጆርናል ቅጂ ይይዛሉ፣ ኮምፒውተሮቻቸው ቅጂዎቹን እርስ በርስ ያመሳክራሉ፣ የተበላሸው ከደህናው ይጠገናል። ጥሩ ጎረቤታሞች የሚያደርጉት ነው።

ካታሎግም የአሮጌ ሰው ሥራ እንዳይመስላችሁ። በጥቅምት 2023 የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በሳይበር ጥቃት ተመታ። መጻሕፍቱ ከመደርደሪያቸው ንቅንቅ አላሉም። የኦንላይን ካታሎጉ ግን እስከ ጥር 2024 ድረስ ጠፋ፤ ሲመለስም ሙሉ አገልግሎቱ ገና ነበር። የሚፈልጉት መጽሐፍ እዚያው ሕንፃ ውስጥ እያለ ተመራማሪዎች ሳያገኙት ሰነበቱ።

የባለቤትነት ጉዳይም አለ። ድሮ ቤተ መጻሕፍት ጆርናል ሲገዛ ጥራዙ የራሱ ነበር። አሁን በአብዛኛው የሚከፍለው ለማንበብ ፈቃድ ነው፤ ክፍያው ሲቆም በሩም ሊዘጋ ይችላል። በ2009 አማዞን የመብት ችግር ያለባቸውን መጻሕፍት ከገዢዎቹ ኪንድል (የዲጂታል መጽሐፍ ማንበቢያ) ላይ ከርቀት ሰርዟል። የወረቀት መጽሐፍ ሻጭ ቤታችሁ ገብቶ አይወስድባችሁም። ወደዚህ ሙያ የምትመጡ ልጆች ውል ማንበብና መደራደር ተማሩ። ይህን በትምህርት ቤት አላስተማሩንም፤ ዛሬ ግን ከሥራችን ትልቁ እሱ ይመስለኛል።

ሰሞኑን ደግሞ አዲስ ዓይነት ጠያቂ ይመጣል። እንደ ቻትጂፒቲ ያለ ፕሮግራም የሰጠውን የጽሑፍ ዝርዝር ይዞ «ይህን አምጡልኝ» ይላል። እንፈልጋለን። ደራሲው በእውነት ያለ ሰው ነው፣ ጆርናሉም አለ፣ ጽሑፉ ግን ተጽፎ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ሰው አንነቅፍም፤ አጠገቡ ቁጭ ብለን የሚፈልገውን እውነተኛ ምንጭ አብረን እንፈልጋለን። አልፎ አልፎ ከጠበቀው የተሻለ ይዞ ይወጣል። ይህ ሥራ ወደፊት የሚበዛ ይመስለኛል፤ የሚወዱት ወጣቶች ቢመጡልን እንዴት ደስ ባለኝ!

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ባትሠሩም አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ዛሬ ማታ የጥናታችሁን ፎልደር ክፈቱ። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «የመጨረሻ እውነተኛው» የሚሉ ፋይሎች አይጠፉም መቼም። መረጃውን ማን፣ መቼ፣ የት፣ በምን መሣሪያ እንደሰበሰበው፣ እያንዳንዱ የሠንጠረዥ አምድ ምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ እዚያው አስቀምጡ። ከዚያ ሥራችሁን ለማያውቅ ሰው ፎልደሩን ስጡትና ምን እንደገባው ጠይቁት።