ኦቨኑ የማን ነው? ካርቦን ፋይበርን ቤት ውስጥ ስለመጋገር የደረሱን ጥያቄዎች

ባለፈው እትም ካርቦን ፋይበርን (ሬዚን በሚባል ሙጫ የተነከረ የካርቦን ቃጫ ጨርቅ ነው) በወጥ ቤት ኦቨን ማድረቅ እንደሚቻል በአንድ አንቀጽ ጠቅሰን አልፈን ነበር። ያቺ አንቀጽ ያመጣችብን ጥያቄ ብዛት! የቻልነውን መልሰናል። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከሥራ መልስ የሞተር ሳይክል ዕቃ በካርቦን ፋይበር ይሠራል። ሰሞኑን ዕቃውን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ኦቨኔ ውስጥ መክተት ጀምሯል። “ከወለወልኩት ምን ችግር አለው?” ይለኛል። እኔ ግን ዳቦ ስጋግር ይሸተኛል። እውነቱን ንገሩንና እንገላገል። (የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርዱ ላንቺ ነው። ሬዚን የገባበት ኦቨን ከዚያ በኋላ ምግብ አይገባበትም። ኢፖክሲ (የተለመደው የሬዚን ዓይነት) ሲሞቅ ትንሽም ቢሆን ይተናል፤ ከሬዚኑም፣ እንዲደርቅ ከሚቀላቀልበት ሃርድነርም፣ ዕቃው ከሞልዱ (ከቅርጽ ማውጫው) እንዲላቀቅ ከሚቀባው ሰምም ጭምር። ያ እንፋሎት በበሩ ጎማ ላይ፣ በአምፖሉ ዙሪያ፣ ከማራገቢያው ጀርባ ይቀመጣል። እዚያ ደግሞ ጨርቅ አይደርስም። በሌላ ቀን ኦቨኑን 200 ላይ አድርገሽ ዳቦ ስታስገቢ ተመልሶ ይነሳል፤ የሸተተሽ እሱ ነው። ሃርድነር ውስጥ ያሉት አሚኖች ቆዳንና መተንፈሻን የሚያስቆጡ ነገሮች ናቸው። የኢፖክሲ አለርጂ አንዴ ከያዘ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይለቅም፤ ሥራውን እስከ መተው የደረሱ ባለሙያዎች አሉ። ስለዚህ ለራሱም ሲል ናይትራይል ጓንት ያድርግ፣ እጁን ከነካው በሳሙና ይታጠብ እንጂ በአሴቶን አይጥረግ፤ አሴቶን ሬዚኑን አሟሙቶ ቆዳው ውስጥ ያስገባዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ያገለገለ የኤሌክትሪክ ኦቨን ገዝቶ ጋራዥ ወይም በረንዳ ላይ ያስቀምጥ። በትልቁም “ምግብ አይገባበትም” ብሎ ይጻፍበት፤ እናንተ ብታውቁም እንግዳ ወይም የቤት ሠራተኛ ላያውቅ ይችላል። ያንቺ ኦቨን በጋዝ የሚሠራ ከሆነማ ዛሬውኑ ይቁም። ሞልድ በአሴቶን ይጠረጋል፣ አሴቶን ደግሞ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ገደማ እንኳ የሚቀጣጠል እንፋሎት ያወጣል። ያልደረቀ አሴቶን ያለበትን ሞልድ እሳት ያለበት ሳጥን ውስጥ ከትቶ በሩን መዝጋት ምን እንደሚያስከትል መናገር አያስፈልገኝም።

“ካርቦን እሳት አይፈራም” የሚል መልስ ቢሰጥሽ ደግሞ ይህን ንገሪው። አየር መንገዳችን በ2012 ከአፍሪካ የመጀመሪያ ሆኖ የተረከበው ድሪምላይነር ከአካሉ ክብደት ግማሽ ያህሉ እንዲህ ያለ የቃጫና የሬዚን ውሁድ ነው። በሐምሌ 2013 (ሁሉም በአውሮፓውያን) ከእነዚህ አውሮፕላኖች አንዱ ለንደን ሂትሮው ቆሞ ሳለ ከአንዲት የሊቲየም ባትሪ እሳት ተነሳ፤ መርማሪዎቹ እንዳሉት እሳቱን ቀስ እያለ እንዲስፋፋ ያደረገው በቃጫዎቹ መካከል ያለው ሬዚን ነው። ቃጫው ይችላል፣ ሬዚኑ ግን ይቃጠላል። አውሮፕላኑ ተጠግኖ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ሥራ ተመልሷል፤ ኦቨንሽን ግን የሚጠግንልሽ የለም።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን፣ ድሮን እንሠራለን። አንድ ዘመዳችን ፕሪፕሬግ (ሬዚን ቀድሞ የተቀባ የካርቦን ጨርቅ) ከውጭ በሻንጣ አመጣልን። ወረቀቱ በ120 ዲግሪ አንድ ሰዓት ይላል። ኦቨኑን 120 ላይ አድርገን አንድ ሰዓት ጠበቅን። ወደ ማሞቂያው የቀረበው ጫፍ ላይ ያለው ሬዚን ቡናማ ሆነ፣ ሌላው ጫፍ ደግሞ ጥፍር ያስገባል። በስሪዲ ፕሪንተር ያተምነው የፒኤልኤ ፕላስቲክ ሞልድም ተጣመመ። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ብዙ ነገር፤ ግን ሁሉም የሚስተካከል ነው።

መጀመሪያ ሞልዱ። ፒኤልኤ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። 120 ላይ ቅርጹን ባይጠብቅ አይገርምም። ለዚህ ሙቀት አሉሚኒየም ይሻላችኋል። የድሮኑን ክንድ እንደ ቱቦ የምትሠሩት ከሆነ ጨርቁን በአሉሚኒየም ዘንግ ላይ ጠቅልሉት። አሉሚኒየም ሲሞቅ ይለጠጣል፤ 50 ሳንቲሜትር ዘንግ ከ20 ወደ 120 ዲግሪ ሲሄድ ከ1 ሚሊሜትር በላይ ይረዝማል፣ በውፍረትም በዚያው ምጣኔ ይጨምራል። ካርቦኑ ግን እምብዛም አይንቀሳቀስም። ሲቀዘቅዝ ዘንጉ ሰብሰብ ብሎ ከቱቦው ይላቀቃል፤ ቢያስቸግራችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። ዕቃው ሞልዱ ውስጥ የሚቀመጥ ዓይነት ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ ሞልዱ ሲሰበሰብ ዕቃውን ጨምቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ጎኖቹን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ንደፉት።

ሁለተኛው ዋናው ነው። ኦቨኑ ላይ የተጻፈው 120 የዕቃችሁ 120 አይደለም። የቤት ኦቨን ተርሞስታት ይበራል፣ ይጠፋል፤ ሙቀቱም ከቁጥሩ በላይና በታች ሲወዛወዝ ይውላል። ሃያ ዲግሪ መዛባት ብርቅ አይደለም። ለዳቦ ምንም አይደል፣ ለሬዚን ግን ብዙ ነው። በዚያ ላይ የጋለው ማሞቂያ ጨረር ይለቃል፤ ጥቁር ነገር ደግሞ ጨረር ይወዳል። አየሩ 120 ሆኖ ወደ ማሞቂያው የዞረው ጫፍ ከዚያ እጅግ በልጦ ይሞቃል። ሌላው ጫፍ ደግሞ ከማሞቂያው ርቆ ገና በመሞቅ ላይ ነው። እናንተ አንድ ሰዓት ብላችሁ ስትቆጥሩ እሱ ምናልባት 90 ላይ ነበር።

ስለዚህ ሙቀት የሚለካ ቴስተር ፈልጉ። ኬ ታይፕ የሚባለው ባለ ሁለት ሽቦ መለኪያ ያለው ርካሽ ቴስተር ይበቃል። የሽቦውን ጫፍ ዕቃው ጠርዝ ላይ፣ የሚቆረጠው ትርፍ ጋ አጣብቁት። ሁለት ካላችሁ ሌላውን ሞልዱ በጣም ወፍራም የሆነበት ቦታ አድርጉት። ሰዓት መቁጠር የሚጀመረው ኋላ የቀረው ሽቦ 120 ሲደርስ ነው። ከማሞቂያውና ከዕቃው መካከል ደግሞ የላሜራ ትሪ አስገቡ፣ ጨረሩን ይከልልላችኋል። ማራገቢያ ያለው ኦቨን ካገኛችሁ በጣም ጥሩ። ከላይ የሚጠብሰውን ግሪል ግን አትንኩት። ሙቀቱንም በደቂቃ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ እያደረጋችሁ ቀስ ብላችሁ አሳድጉ፤ አብዛኛው የቤት ኦቨን ራሱ ይህን አያውቅምና አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ቁልፉን በትንሽ በትንሹ ማዞር ነው። አሰልቺ ነው። ሻይ ይዛችሁ ግቡ።

የሻንጣው ነገርም አለ። ፕሪፕሬግ ሬዚኑ ከነሃርድነሩ ፋብሪካ ውስጥ የተቀባ ጨርቅ ስለሆነ ምላሹ ከተመረተበት ቀን ጀምሮ ቀስ እያለ ይሄዳል። ለዚህ ነው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ የሚቀመጠው። ፍሪዘር ውስጥ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ዓመት ይቆያል፤ በክፍል ሙቀት ግን እንደ ዓይነቱ ጥቂት ሳምንት ነው ያለው። ሻንጣ ውስጥ፣ ትራንዚት ላይ፣ ጉምሩክ መጋዘን ያሳለፈው ጊዜ ሁሉ ከዚያ ይቆረጣል። ጨርቁ መጣበቁን ትቶ እንደ ደረቅ ካርቶን ከሆነባችሁ ኦቨኑን አትውቀሱ፣ ቁሱ አልፎበታል። ከፍሪዘር ስታወጡትም ፕላስቲኩን ወዲያው አትክፈቱ፤ ክፍሉን እስኪመስል ጠብቁ፣ አለበለዚያ የአየሩ እርጥበት ላዩ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጥና ሲጋገር አረፋ ይሠራል።

አንድ የድሮን ምክር በነጻ፦ ካርቦን የሬዲዮ ሞገድ ይከልላል። ጂፒኤሱንና አንቴናውን ከሥሩ አትቅበሩት።

ጥያቄ፦ ዕቃው እንዲጫን በፕላስቲክ ከረጢት አሽጌ አየሩን በፓምፕ አወጣለሁ፤ የቫኩም መለኪያዬ ግን 0.75 ባር ላይ ደርሶ ይቆማል። ቪዲዮ ላይ ሁሉም 0.95 ያሳያሉ። ፓምፑ የኤሲ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ነው፣ አዲስ ነው። ማሸጊያውን ስቀያይር ከረምኩ። ቀዳዳው የት ነው? ደግሞስ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ምን ይውጠኛል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀዳዳ የለህም። አዲስ አበባ ነህ! ቫኩም የሚባለው ራሱ የሚጫን ነገር አይደለም። ከረጢቱ ውስጥ ያለውን አየር ስታወጣ ዕቃውን የሚጫነው ውጪ ያለው አየር ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ (ባሕር ዳርን አላልኩም) አየሩ አንድ ባር ገደማ ይጫናል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለችው ከተማችን ላይ ግን ያለው 0.76 ባር አካባቢ ነው። የሌለህን አየር ፓምፕ አያመጣልህም። ውሃችን በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መፍሰሱን ማወቅ ከፈለግክ ቁጥሩን ከሰው ጋር አታወዳድር። ቫልቩን ዝጋ፣ ፓምፑን አጥፋ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቅ። መርፌው ካልተነቃነቀ ከረጢትህ ደህና ነው። የአውሮፕላን ዕቃ የሚሠሩት አውቶክሌቭ (ግፊት ያለው ኦቨን) ውስጥ 6 ወይም 7 ባር ይጫኑበታልና ያንተ 0.75 ከማንም ቪዲዮ 0.95 ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ያን ያህል የሚያሳዝን አይደለም። ግን ካሳ ያስፈልገዋል፦ ጨርቁን ሁሉ ደርበህ አንዴ ከመጫን በየሁለት ሦስት ንብርብሩ ከረጢቱን አልብሰህ ለጥቂት ደቂቃ ቫኩም አድርግበት። መሐል የታሰረው አየር እንዲያ ነው የሚወጣው።

መብራቱን በተመለከተ የሙቀቱ መቋረጥ ብዙ አያስፈራም። የኦቨኑን በር አትክፈት፤ ሲመለስ ቀስ ብለህ አሙቀህ የቀረውን ትጨርሳለህ። ሬዚኑ ሳይረጋ ቫኩሙ ከጠፋ ግን ዕቃው ያብጣል፣ ያ አይመለስም። ፓምፑ ሲቆም አየር ወደ ኋላ እንዳይገባ አንድ መንገድ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ አስገባበት። ከተቻለም ፓምፑን ብቻ በኢንቨርተር አድርገው።

ጥያቄ፦ ሻርጃ ነው የምኖረው። የመኪናዬን የጎን መስታወት ሽፋን በእጅ በሚቀባ ኢፖክሲ ሠራሁት፣ ሲያልቅ መስታወት የመሰለ ነበር። በጋው ሲገባ የጨርቁ ሽመና ላዩ ላይ ወጣ፣ ቢጫም ሆነ። ሬዚኑ አጭበርባሪ ነው?

መልስ፦ ሬዚኑ ምንም አላጠፋም። በክፍል ሙቀት ብቻ የደረቀ ኢፖክሲ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሲደርስ መለሳለስ ይጀምራል። የሻርጃ ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ዕቃ ደግሞ ከዚያ ማለፍ አይከብደውም። ሬዚኑ ለሰስ ሲል ጥቂት ይሰበሰባል፣ ያኔ ሽመናው ይታያል።

መድኃኒቱ ዕቃውን ገና ሞልዱ ላይ ሳለ በቀስታ ማሞቅ ነው። በክፍል ሙቀት አንድ ቀን ይደር፣ ከዚያ 40፣ ከዚያ 50፣ ከዚያ 60 እያልክ አቆይተው፤ መጨረሻ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ የሬዚኑ ወረቀት ይነግርሃል። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ደግሞ የወጥ ቤት ኦቨን ጭራሽ አይመቸኝም። ዝቅተኛ ሙቀት ላይ ነው በጣም የሚቃዠው። ከጣውላ ሳጥን ሠርተህ ውስጡን በመስታወት ሱፍ ሸፍነህ፣ ትንሽ ማሞቂያ፣ ማራገቢያና በውጭ የሚስተካከል ተርሞስታት ብትገጥምለት ከማንኛውም ኦቨን ይበልጥልሃል፤ ከብዙዎቻችሁ ቤትም ጠብ ያወጣል። ቢጫው ከፀሐይ ጨረር የመጣ ነው። ኢፖክሲ ጨረር አይችልም፣ ከላይ ጨረር የሚከላከል የመኪና ክሊር ኮት ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ የብስክሌቴ የካርቦን ሹካ (የፊት ጎማውን የሚይዘው) ተሰነጠቀ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ ነኝ። ሬዚን ቀብቼ ኦቨን ውስጥ ልክተተው?

መልስ፦ አይሆንም። ካርቦን እንደ ብረት ታጥፎ አያስጠነቅቅም፣ በድንገት ነው የሚሰበረው። አንተ ያለህበት አገር ውስጡን በአልትራሳውንድ አይተው የሚጠግኑ ባለሙያዎች አሉ። ሹካ ከሆነ ግን እነሱም ብዙዎቹ ቀይረው ይሉሃል። ቤት ውስጥ ሽፋን፣ መያዣ፣ ሳጥን ይሠራል፤ ሕይወት የሚሸከም ዕቃ ግን አይሠራም።

ጥያቄ፦ ማይክሮዌቭስ? የኤሌክትሪክ ምጣድስ? (ሦስት ሰዎች)

መልስ፦ ማይክሮዌቭ በፍጹም። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ውስጡ ብልጭታ ይፈጥራል፣ ከዚያ እሳት ነው። ምጣድ የሚያሞቀው ከአንድ ወገን ብቻ ነው፣ ለእንጀራ ተብሎ የተሠራ በመሆኑም በጣም ይግላል። ደግሞ ምጣድ የተነካባት እናት ምን እንደምታደርግ ታውቃላችሁ።