«ሱቁ ለጊዜው በጋሼ ስም ነው»

ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፣

እባክዎ ይህችን ጠበቃ አንድ ይበሉልኝ። የምትኖረው አሜሪካ ነው፤ ስሟን አልጠራም። በየሳምንቱ አዲስ ወረቀት ትጠይቀኛለች። ንግድ ፈቃዴን ላክሁ፤ የግብር ክሊራንስ አለች። እሱን ላክሁ፤ የባንክ ስቴትመንት አለች። ሁሉንም አስተርጉሜ፣ ውልና ማስረጃ ተሰልፌ፣ አረጋግጬ ላክሁ። አሁን ደግሞ «እያንዳንዱ ዶላር ከየት ተነሥቶ፣ በየት በኩል አልፎ ሱቁ ደረሰ?» ትለኛለች። ገንዘብ እግር ያለው ይመስል!

የማመለክተው ኢ-2 ለሚባለው የባለሀብት ቪዛ ነው። ኢትዮጵያና አሜሪካ በንጉሡ ዘመን የተፈራረሙት፣ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸና ስምምነት ስላለ፣ የእኛ ዜጋ ገንዘቡን አፍስሶ፣ ድርጅት አቋቁሞ እዚያ እየሠራ መኖር ይችላል። ይህን ያስረዱኝ ጋሼ ናቸው፤ ታላቅ ወንድሜ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገቡ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ ዜግነትም ወስደዋል። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ልጅ ነበርሁ፤ ያስተማሩኝም የዳሩኝም እሳቸው ናቸው።

እኔ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ እሸጣለሁ። በሰው ወፍጮ እያስፈጨሁ ጀምሬ ዛሬ ሳሪስ የራሴ ወፍጮ ቤትና ሠራተኞች አሉኝ። ለቪዛው ብዬ የማቋቁመው የሲልቨር ስፕሪንጉ ሱቅም ተዘጋጅቶ አልቋል፤ ምጣዱ ተገዝቷል፣ መደርደሪያው ተሠርቷል፣ ኪራዩ እየተከፈለ ነው። ሕጉ ገንዘቡ ባንክ ውስጥ መተኛቱ አይበቃም፤ ለሥራው የወጣ፣ ሥራው ቢከስር አብሮ የሚጠፋ መሆን አለበት ይላል። ይኸው ወጣ! ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?

መቼም ከዚህ ዶላር እንደልብ ማውጣት እንደማይቻል ያውቃሉ። ስለዚህ ጋሼ እዚህ አያት ሰፈር የሚያሠሩትን ቤት ወጪ እኔ በብር ሸፈንሁ፤ እሳቸው በልኩ ዶላሩን ለሱቁ አወጡ። ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው። ቤቱ በቢጫ ካርዳቸው፣ ማለት በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያቸው፣ በስማቸው ነው። ሱቁም ለጊዜው በስማቸው ነው፤ አከራዩ ክሬዲቱ፣ ማለት የብድር አከፋፈል ታሪኩ፣ ጥሩ የሆነ ሰው ስለፈለገ። ይህን ሁሉ ለጠበቃዋ መተንተን አድካሚ ስለሆነ አልነገርኋትም።

አሁን ለወፍጮ ቤቱ ገዢ አግኝቻለሁ፤ እስከ ጥምቀት ካልጨረስን ይሄዳል። የመጀመሪያ ልጄ 19 ዓመቱ ነው፤ አብሮኝ ይሄዳል። የጠበቃዋ ክፍያ ብቻውን ስንት ኩንታል በርበሬ እንደሚገዛ ቢያውቁ!

ባለፈው ስደውል ጋሼ «ከሱቁ 60 በመቶው በእኔ ስም ይቆይ፤ አንቺ ስትደርሺ እናስተካክላለን» አሉኝ። እሺ አልሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። አባት ሆኖ ላሳደገ ሰው «ፈርሙልኝ» ማለት ነውር አይሆንም ወይ?

ወረቀት የሰለቻት፣ ከሳሪስ

---

እህቴ፣

ጠበቃሽን ተያት፤ ሥራዋን እየሠራች ነው።

በደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ንብረት ቆጠርሁ፤ አያት ያለ ቤትና ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሱቅ። የሁለቱም ገንዘብ ከአንቺ በርበሬ የወጣ ነው። ስምሽን ግን በአንዱም ላይ አላገኘሁትም። በስምሽ የቀረው ወፍጮ ቤቱ ብቻ ነው፤ እሱንም ለመሸጥ ተጣድፈሻል።

የጋሼ 60 በመቶ ሌላው ሁሉ ቢቀር ለቪዛው እንኳ አይሆንም። ኢ-2 ከድርጅቱ ቢያንስ ግማሹ በስምምነቱ አገር ዜጎች እንዲያዝ ይጠይቃል። ወንድምሽ በትውልድ የእኛው ቢሆኑም በቆንስላው ዓይን አሜሪካዊ ናቸው፤ ቢጫ ካርዳቸው አያት ላይ ቤት እንዲኖራቸው ረዳቸው እንጂ እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። 40 በመቶ ይዘሽ ብትቀርቢ፣ የበርበሬ ሙያሽ ምንም ቢያስደንቅ፣ ማመልከቻው ገና ከመነሻው ወድቋል። «ስትደርሺ እናስተካክላለን» የተባልሽው ነገር ተገልብጦ የቀረበ ነው። ካልተስተካከለ አትደርሺም።

የዶላሩ መንገድም ቢሆን ከወንድምሽ ሒሳብ ይነሣል፤ የአንቺ ብር ሲሚንቶና ብረት ሆኖ አያት ቀርቷል። ከባንክና ፈቃድ ካለው መንዛሪ ውጭ ምንዛሪ መለዋወጥ በአገራችን ሕግ የሚያስጠይቅ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ «ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው» ያልሽውም ስለምታውቂ ይመስለኛል። ከእንግዲህ የሚመጣብሽ ፈተና ታሪኩን ማሳመር ነው። አንዱ ብልጥ «ወንድሜ በስጦታ ሰጡኝ በይ» ይልሻል። ስጦታ ለዚህ ቪዛ ተቀባይነት ያለው ምንጭ ሊሆን ይችላል፤ በእርግጥ የተሰጠ ሲሆን። ያልተሰጠን ስጦታ ፈርሞ ለቆንስላ ማቅረብ ግን ማጭበርበር ነው፤ በዚህ የተያዘን ሰው የአሜሪካ ሕግ ዕድሜ ልኩን ሊያግደው ይችላል። ለጠበቃሽ ዛሬውኑ ሁሉንም ንገሪያት። ምሥጢርሽን የመጠበቅ ግዴታ አለባት፤ መውጫ ካለም የምታሳይሽ እውነቱን ይዛ ነው።

ነውር አይሆንም ወይ ላልሽው፣ አይሆንም። በዚህ ጉዳይ ወገንተኛ መሆኔን አልደብቅም፤ በይሉኝታ ንብረታቸው በወንድም፣ በባልና በአጎት ስም የቀረባቸውን ሴቶች ደብዳቤ ስቀበል ኖሬያለሁ። ወንድምሽን ክፉ አላልኋቸውም። ወላጅ ለሌላት ልጅ አባት መሆን ትልቅ ነገር ነው፤ ምስጋናሽም የሚገባቸው ነው። ምስጋና ግን በአክሲዮን አይከፈልም! ደግሞም ሰው ሟች ነው፤ ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ የሚወርሷቸው ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ናቸው። የሜሪላንድ ዳኛ አንቺ አያት ላይ ስላፈሰስሽው ብር ከማን ይሰማል? እሳቸው ዛሬ በሕይወትና በፍቅር ሳሉ ቢፈርሙ ለልጆቻቸውም ጠብ አያወርሱም።

ስትደውዪ «ጠበቃዋ አስቸገረችኝ» ብለሽ በእሷ አትከለዪ። በባለቤታቸውም በኩል አታስነግሪ። «ጋሼ፣ የቤቱን ደረሰኞች ሰብስቤያለሁ፤ እርስዎም የሱቁን ያውጡና የሁለታችንን ሒሳብ በጽሑፍ እናስቀምጥ። ሱቁን በገንዘቤ ልክ ወደ ስሜ ያዙሩልኝ» በያቸው። ከግማሽ በታች የሚሆን ነገር ካነሡ እሺ አትበዪ፤ አንዴ ብለሽዋልና ይበቃል። ቅር ካላቸው ሁለታችሁም የምታከብሩትን አንድ የቤተሰብ ሽማግሌ አስገቢ፤ ሽማግሌ የሚገባው ከተጣሉ በኋላ ብቻ ነው ያለው ማን ነው?

ልጅሽንም በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈሽዋል። ኢ-2 ግሪን ካርድ አይደለም፤ ሥራው በደንብ እስከሄደ ይታደሳል፣ ሥራው ሲቆም መብቱም ይቆማል። ልጅ ደግሞ በእናቱ ቪዛ የሚኖረው 21 ዓመት እስኪሞላው ነው። የአንቺው ልጅ ጓዙን ፈትቶ ሳይጨርስ የራሱን መንገድ መፈለግ ይኖርበታል፤ የትምህርት ቪዛ ይሁን ሌላ፣ አሁን ተነጋገሩበት።

ወፍጮ ቤቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ብትሸጪው የምታገኚው ብር ነው። ብሩስ በየት በኩል ይወጣል? ለጋሼ ሌላ ቤት ልትሠሪላቸው ነው? የሱቁ ዝውውር ተፈርሞ፣ ጠበቃሽ አይታው፣ ቪዛውም ፓስፖርትሽ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ወፍጮው ይፍጭ፤ ሠራተኞችሽም ደመወዛቸውን ይብሉ። ገዢው ከጥምቀት በኋላ አልጠብቅም ካለ ይሂድ። ሳሪስ ውስጥ የሚሠራ ወፍጮ ቤት ገዢ አያጣም።